አሥራ ሦስተኛው ፍሬት

ሻምበል ዋቅጅራ ሲደርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሟቹ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በግራ ጎኑ ወድቋል፤ ከጆሮው በስተኋላ አንድ ቁስል ብቻ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ክር ያልተወጠረለት ጊታር ተጋድሟል።

ሟቹ ኃይለኪሮስ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ በመኖሪያ ቤቱ ጓሮ በቆርቆሮ በሠራት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ዓመት ጊታር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በዚያ በ1970 ሚያዝያ ሥራ አላጣም፤ የየቀበሌው ኪነት ቡድን ጊታር ይሰብር ነበር።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ጓድ ሻምበል» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር እሸቴ። «ገዳዩን ይዘነዋል። ነህምያ ይባላል፤ አስተማሪ ነው፤ ጴንጤ ነው። ጊታሩም የእሱ ነው። በአሥር ሰዓት ከዚህ ክፍል ሮጦ ሲወጣ ጠባቂዎቻችን ያዙት።»

«ምን አለ?»

«ሞቶ አገኘሁት አለ። ምን እንዲል ትፈልጋለህ?»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ወረቀቱ የፖሊስ ፊርማ ያስፈልገዋል። ነገ በአራት ሰዓት መኪና መጥቶ ወደ ላይ ይወስደዋል።»

ወደ ላይ የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ እዚያ የነበሩት ሁሉ ያውቃሉ። የነህምያ ሚስት ገንዘቤ ደጃፉ ላይ ቆማ ሻምበሉን ታየዋለች። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ እንደሚያስጠረጥር የገባት ትመስላለች።

«እስከ አራት ሰዓት ጊዜ አለኝ ማለት ነው» አለ ዋቅጅራና ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ።

በጊታሩ አንገት ላይ አግድም የሚሰኩት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ባለሙያዎቹ ፍሬት የሚሏቸው፣ ሃያ ናቸው። ሃያውም ተሰክተዋል። ዋቅጅራ ጣቱን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አስኬደ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለቱ ጫፋቸው ደረቅ ነው። ከአሥራ ሦስተኛው ጀምሮ ግን ከብረቱ ሥር የወጣው ማጣበቂያ ገና ጣት ይይዛል።

ግድግዳው ላይ ከባድ፣ ድርብ የብረት ድስት ተሰቅሏል። ታጥቧል፤ ውሃው ከሥሩ ገና አልደረቀም። ወለሉ ላይ የተነሰነሰውን ሰጋቱራ በጫማው ገለጥ ሲያደርገው ቡናማ፣ እንደ ቅባት የረጋ ነገር ብቅ አለ። መስኮቱ ላይ ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ ወረቀት አለ፤ መሃሉ ላይ አንድ ጠብታ ማጣበቂያ፣ ከጎኑ በእርሳስ «14.40» ተጽፏል።

«ዋጋ ነው» አለ እሸቴ በትከሻው በላይ አሻግሮ እያየ። «አሥራ አራት ብር ከአርባ።»

ዋቅጅራ ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ለተብርሃንን ዋናው ቤት ውስጥ አገኛት። ጥቁር አልለበሰችም። ልጇ ገብረዋሕድ በጥር ተወስዶ በቀረ ጊዜ ጥቁር እንዳትለብስ ስለተነገራት፣ አሁን የሚፈቀድላት መሆኑን አላወቀችም።

«ዛሬ ማን ማን መጣ?»

«ካሳዬ ብቻ። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው፤ የባለቤቴ የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኛ። በስምንት ሰዓት ‹ቻው ኃይሌ› ብሎ ሲወጣ ሰምቻለሁ። የግቢው በር ጓ ሲልም ሰምቻለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ባለቤትዎ በሕይወት ነበሩ?»

«ሲመታ ነበር። ፍሬቱን በመዶሻ ቀስ እያለ ነው የሚያስገባው። ትንሽ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ሲመታ ሰምቻለሁ። በአሥር ሰዓት ያ አስተማሪ መጣ፤ ወዲያው ጩኸት ሆነ።»

«ሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን ድስት መቼ ነው የሚያጥቡት?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ድስቱን? ሥራ ሳያልቅ አይታጠብም። ከቆዳ የሚሠራ ኮላ ነው፤ ከዋዜማው ይዘፈዘፋል፣ በማግሥቱ በከሰል ላይ ለብ ብሎ ይውላል። ከደፉት የዚያ ቀን ሥራ ቀረ ማለት ነው።»

«ጠረጴዛው ላይ ያገኘኋቸው እነዚህ ሁለት የማጣበቂያ ቱቦዎችስ?»

«ካሳዬ ለገና ያመጣለት ነው፤ ከውጭ አገር። እሱ ግን አልከፈታቸውም።»

ቱቦዎቹ ተከፍተው፣ ከሥራቸው ተጠቅልለው ተጨምቀው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ዋቅጅራ ካሳዬን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አገኘው። ሰውየው አምሳ የሞላው፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ነው።

«አቶ ካሳዬ፣ ስለ ኮላ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ኮላ? ሰው ሞቶ?»

«ለፍሬት የትኛው ይሻላል?»

ካሳዬ ድካሙን ለአፍታ የረሳ መሰለ። «ሦስት ምርጫ አለዎት። ነጩ የአናጢ ኮላ አለ፤ ውሃው እንጨት ያሳብጣል፣ ብረትም አጥብቆ አይዝም። የቆዳው ቶሎ ይይዛል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ግን ይለቃል። ከሁለት ቱቦ የሚደባለቀው፣ እኛ እዚህ የምንሠራበት ዓይነት፣ እሱ አይለቅም። ቁርጥ ነው።»

«ሟቹ ግን የቆዳውን መረጡ።»

«ግትር ነበር። የሚለቅ ስለሆነ ነው የምወደው ይላል። ፍሬት ያልቃል፣ አንድ ቀን የሚነቅለው ሰው ይመጣል፤ ያን ሰው እንጨት እንዲገነጥል አላስገድደውም ይላል። ስንቴ ተጨቃጨቅን መሰለዎት!»

«በስምንት ሰዓት ከተለያችሁ በኋላ የት ሄዱ?»

«ሾላ ገበያ። ከዚያ በአሥር ሰዓት ሥራ ገባሁ።»

«ምን ገዙ?»

«ምንም። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።»

ዋቅጅራ የበሩን የትናንት መዝገብ ገልጦ አየ። ከካሳዬ ስም ፊት «16.00» ተጽፏል። ከጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጋር ጥቂት አወራና ሁሉም በሦስት ሰዓት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲገኙ አዘዘ።

እሸቴ ከስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። ለተብርሃንና ገንዘቤ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ካሳዬ ከበሩ ሥር። ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«በሙጫ ነው እንግዲህ ፀረ አብዮተኛ የምታጣራልን?» አለ እሸቴ እየሳቀ።

«በሙጫ ነው» አለ ዋቅጅራ። ትኩስ ውሃ ያራሰውን ጨርቅ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ጥቂት ይዞ ቆየና በጉጠት ቢስበው ብረቱ ተነሣ። ሁለተኛውም ተነሣ። በአሥራ ሦስተኛው ላይ ግን ጉጠቱ ተንሸራተተ እንጂ ብረቱ አልነቃነቅ አለ።

«አሥራ ሁለቱ በቆዳ ኮላ፣ ስምንቱ በሁለቱ ቱቦ ተጣብቀዋል። ኃይለኪሮስ ሃያ ዓመት የጠላውን ማጣበቂያ ሥራው መሃል ላይ ለምን ይመርጣል?»

«ኮላው አልቆበት ይሆናላ» አለ እሸቴ።

«አላለቀበትም። ተደፋ። ሰጋቱራው ሥር ረግቶ አግኝቼዋለሁ። የተደፋውም ድስቱ ከጆሮው ኋላ ሲያርፍ ነው፤ ስለዚህ ነው ድስቱ የታጠበው። ኮላው ከተደፋ በኋላ የተመቱት ስምንቱ ፍሬቶች ሟቹ የመታቸው አይደሉም። ወይዘሮ ለተብርሃን እስከ ዘጠኝ ተኩል የሰሙት የገዳዩን መዶሻ ነው። ‹ቻው› ብሎ የግቢውን በር ጓ አድርጎ ከዘጋ በኋላ ተመልሶ ገብቶ፣ ሰውየው በሕይወት እንዳለ እንዲመስል ተቀምጦ ሥራውን ጨረሰለት። ነህምያ በአሥር ሰዓት ሲገባ ያገኘው የሁለት ሰዓት ሬሳ ነው።»

ገንዘቤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ዋቅጅራ ወረቀቱን ከደብተሩ አወጣ። «ይኸ ዋጋ አይደለም፤ ሰዓት ነው። በዚህ ሰፈር ሁሉም ሰው ስምንት ከአርባ ብሎ ይጽፍ ነበር። አሥራ አራት ከአርባ ብለው የሚጽፉት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ብቻ ነው። የጥገና ኃላፊው እንደነገረኝ፣ ያን ማጣበቂያ የሚደባልቅ ሰው አንድ ጠብታ ለይቶ ሰዓቱን ይጽፍበታል፤ ጠብታው ሲደርቅ ሥራውም መድረቁን ያውቃል። አቶ ካሳዬ፣ በስምንት ሰዓት ከወጣ ሰው እጅ ይኸ እንዴት ተጻፈ?»

ካሳዬ ወረቀቱን አየው፤ የራሱን እጅ ጽሕፈት የረሳ ይመስል ደጋግሞ አየው።

«አላስታወስኩትም እኮ» አለ በመጨረሻ። «እጄ ነው የጻፈው።»

«ለምን ገደልከው?»

«ገብረዋሕድን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።» ወደ ለተብርሃን አልዞረም። «ስም ካላመጣህ የልጅህን እንጽፋለን አሉኝ። ሦስት ወር አብሬው ስቀመጥ ከረምኩ፤ አልቻልኩም፤ ትናንት ነገርኩት። ፍሬት እየመታ ነበር። ቀና አላለም። ሌላ አነሣ፣ ኮላ ቀባ፣ መታ። ስደበኝ አልኩት። ግደለኝ አልኩት። ‹አሥራ ሦስተኛውን አቀብለኝ› አለኝ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልተናገረኝም። ድስቱን ከየት እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ለተብርሃን ልጇ ማን እጅ ላይ እንደወደቀ በሦስት ወር ውስጥ መቶ ጊዜ ገምታ፣ ይኸን አንዱን ሰው ብቻ ሳትገምት ቀርታለች።

«ይኸ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ እሸቴ። ሳቁ ጠፍቷል። «ጓድ ካሳዬ የረዳን ሰው ነው። የእሱን ነገር እኛ በሥርዓቱ እናየዋለን። አሁን ወደ ሥራው ይሂድ።»

«ነህምያን አምጣልኝ» አለ ዋቅጅራ።

እሸቴ የእጅ ሰዓቱን አየ።

«አራት ሰዓት አልሆነም። አምጣልኝ እኮ ነው የምልህ!»

«መኪናው ቀደመ። በአንድ ሰዓት መጣ።»

«ደውል። ስህተት ነው በል።»

እሸቴ ደወለ። ስሙን ሁለት ጊዜ በፊደል ቆጥሮ ተናገረ፤ ረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ከዚያ ስልኩን እንደሚሰበር ዕቃ በቀስታ አስቀመጠ።

«በዚህ ስም የገባ ሰው የለም ይላሉ።»

ካሳዬ ተነሥቶ ወጣ። ማንም አልያዘውም። ዋቅጅራ የፖሊስ ፊርማ የሚጠብቀውን ወረቀት ቀዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እሸቴም መሳቢያውን ስቦ ሌላ ባዶ ቅጽ አወጣ።

«ኧረ አለ እንጂ» አለች ገንዘቤ። «ቁርሱን ዛሬ በሁለት ሰዓት እዚሁ ቀበሌ ወስጄለት ተቀብለውኛል። ሳህኑንም ባዶውን መልሰውልኛል። ጥሩ አድርጎ በልቷል ብለውኛል። አይደል፣ እትዬ?»

ለተብርሃን ከአጠገቧ ሳትነሣ የልጅቱን ነጠላ በትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት።

«ነገም ይቀበሉሻል፣ ልጄ» አለቻት። «የገብረዋሕድንም ቁርስ አንድ ወር ሙሉ ተቀብለውኛል።»