ከክራንቻው ኋላ የተሸጎጠችው ጥርስ

«ጥርስ ነው የምትቆጥሪው ወይስ ኮከብ?» አለች አክስቷ፣ እስክሪብቶዋን ከመዝገቡ ላይ ሳታነሳ።

«ቆይ አክስቴ፣ አንዴ ልድገመው።»

ልጅቷ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አልነቀለችም። ከመስታወቱ ስር የባቄላ ፍሬ የሚያክል የሌሊት ወፍ ራስ ቅል አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። በታወቀው ዝርያ ላይኛ መንጋጋ፣ ከክራንቻው ኋላ ባዶ ቦታ ነው ያለው። እዚህ ግን ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ጥርስ ተሸጉጣለች።

ራስ ቅሉን አክስቷ ወደምትሠራበት ሙዚየም የላከው አባቷ ነው። በሩቅ ዋሻዎች የሌሊት ወፍ ሲያጠምድ ሰባት ወር ሆኖታል። እቤት በር ኋላ ከተሰቀለው ኮቱ ላይ ጠረኑ ከጠፋ ቢሰነብትም፣ ልጅቷ ባለፈች ቁጥር ማሽተቷን አልተወችም። ትናንት በስልክ፣ «የታወቀው ዝርያ ከሆነ ሥራው አለቀ፤ እሑድ ቤት ነኝ። አዲስ ከሆነ ግን በአንዲት ብቻ አይታመንም፤ ሌሎች እስኪገኙ ስድስት ወር መቆየቴ ነው። የቱን ትመርጫለሽ?» ብሏት ነበር።

«አንተን» አለችው። አባቷ ከልቡ ሳቀ። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም።

«እኔ ጠዋት አይቼ ምንም አላገኘሁም» አለች አክስቷ፣ የደከሙ ዓይኖቿን እያሸች። «አንቺም ካላየሽ ፈርመን እንዝጋው። ወንድሜ እኔንም ናፍቆኛል እኮ።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። እሑድ በሩ ይንኳኳል። ይህቺ ፍጡር ደግሞ የሌላ ስም ተለጥፎባት መሳቢያ ውስጥ ትገባለች፤ መቼም ማንም መልሶ አያወጣት ይሆናል። ልጅቷ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ በቀስታ አዞረች። ትንሿ ጥርስ ይበልጥ ጠራች።

ከወንበሯ ተነሳች። «ነይ፣ አንቺ ተቀመጪ። ከክራንቻው ኋላ እዪ።»

አክስቷ አጎንብሳ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ደስታና ሐዘን ተደባልቆ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽ እኮ...»

«አውቃለሁ። አንቺ መዝግቢ፤ እኔ እደውልለታለሁ።»

ስልኩ በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ።

«አባዬ፣ ሻንጣህን ሸክፈሃል?»

«ከትናንት ጀምሮ!»

ልጅቷ መዝገቡ ላይ የሚሮጠውን የአክስቷን እስክሪብቶ አየች።

«በል፣ ፍታው።»