ጥማዱን ጋሻ የሚያደርግ መስተዋት

በ፲፱፻፷ ዓመተ ምሕረት ሰኔ በገባ ሰሞን የጮቄ ተራራ ራሱን በጉም ተከናንቦ፣ ከአምበር በላይ ያለው ተረተር ግማሹ ታርሶ ግማሹ ዳዋ ለብሶ ነበር፤ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ከወጣ ወዲህ የጎጃም ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ ጠመንጃውን ይወለውል ነበርና። አዋጁ የሚናገረው ስለ ምርት ነው ቢባልም ሕዝቡ የሰማው ሌላ ነው፤ «ዛሬ እህሉን ይጽፉታል፣ ነገ መሬቱን ይለኩታል፣ ከነገ ወዲያ ርስታችን ይሄዳል» ይባባል ነበር። በዚያ ላይ በሚያዝያ ወር አንድ ቀያሽ ባለሦስት እግር መነጽሩን ተረተሩ ላይ ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ ተገኝቶ በድንጋይ ተባሯል፤ ነፍሱን ያተረፈው ወደ ሉማሜ ሲያልፍ የደረሰለት አውቶቡስ ነው።

በዚህ ክፉ ሰሞን ነው እንግዲህ ሀይለመለኮት የሚባል የደብረ ማርቆስ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ የእንጨት ሣጥን በበቅሎ አስጭኖ፣ ወደ ግራዝማች አንሙት ግቢ የመጣው። ምነው ሌላ ጊዜ በሆነ! በሽታ ግን ጊዜ አይመርጥም። ያስጠሩት የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነበሩ፤ የልጃቸው ልጅ ሕፃኗ የብርጓል እሳት ሆና ሰንብታ፣ የወባ ኪኒን ውጣ ተሻላት ተብሎ ስእለት ሲታሰብ፣ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። እናቷ በእሷ ወሊድ አልፋለች፤ ወይዘሮዋም ከዚያ ወዲህ የልጅቱን ትንፋሽ ሳያዳምጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ባላቸውን ሳያስፈቅዱ ወደ ከተማ መልእክተኛ የሰደዱት ስለዚህ ነው።

የግራዝማች አዳራሽ ግን ለአድማው በመጡ ባለጠመንጃዎች ተሞልቶ ሰንብቷል፤ በአንድ ጋቢ ሁለትም ሦስትም ሆነው ይተኙበት ነበር። የግራዝማች የእህት ልጅ ደመላሽ፣ ከሁሉ ችኩል የሆነው፣ እንግዳውን ከደጅ አስቁሞ ሣጥኑን ከፈተ።

«ይኸው! መነጽር! ቀያሹ ሦስት እግሩን ቆርጦ ላከልን!»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደግ ሳቅ አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ይህ የመሬት መለኪያ አይደለም፤ ማይክሮስኮፕ ይባላል። ትንሹን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ነው» አለ ሀይለመለኮት። ምነው ይህን ባላለ!

«ሰማችሁ? ትንሹን ያጎላል! አንዷን ጥማድ ጋሻ መሬት አድርጎ ሊያይብን ነው! ግብሩንስ የሚቆርጥብን ባለን ነው ወይስ በታየው?»

ከኋላ ድንጋይ ተወርውሮ ሣጥኑን መታው፤ ውስጥ የነበረች ትንሽ ጠርሙስ ስትሰበር ተሰማ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን እንዳገለደሙ ወጥተው በመካከል ቆሙ።

«ግራዝማች፣ ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ትገድሉት እንደሆነ ልጄን አይቶልኝ ሲያበቃ ግደሉት!»

ግራዝማች አንሙት ሚስታቸውን፣ ቀጥሎም እንግዳውን አዩ። «በደጃፌ ላይ፣ በፀሐይ፣ እኔ እያየሁ ይሁን» አሉ።

ልጅቱ በጋቢ ተጠቅልላ ወጣች፤ ያ ሁሉ ነፋስ እየነፈሰ! ሀይለመለኮት ጣቷን ወግቶ የደሟን ጠብታ በመስተዋት ላይ አሳሳ፤ ደሙን አደረቀው፤ ቀለም አፈሰሰበት፤ አጠበው። የመሣሪያውን ትንሽ መስተዋት ወደ ፀሐይ አዙሮ ብርሃኑን ከሥር ወደ ላይ ሰደደና ግራዝማችን እንዲያዩ ጋበዘ።

«ቀይ ጭጋግ ነው» አሉ ግራዝማች አጎንብሰው። «ደም መሆኑንማ ሳላጎነብስም አውቅ ነበር።»

«አጉላው እንጂ!» አለ ደመላሽ።

ሀይለመለኮት የላይኛውን መስተዋት በሌላ ለወጠ። «አሁንስ?»

«ጭጋጉ ሰፋ።»

«አዎን ግራዝማች፤ ማጉላት ብቻውን አይበቃም። ከዚህ ሆነው ጮቄ ሥር የተጠመዱ በሬዎች ቢያዩ አንድ ነጥብ ናቸው። ነጥቡን የፈለገ ቢያሰፉት ሰፊ ነጥብ ይሆናል እንጂ ሁለት በሬ አይሆንም፤ ሁለቱን የሚለይ ዓይን ያስፈልጋል። እኔም ለዚህ የሚሆን መስተዋት ይዣለሁ፤ ነገር ግን ከደሙ የሚወጣው ብርሃን አየር ሲያገኘው ጎብጦ ያመልጠዋል። በመካከል ዘይት ሲገባ ነው ብርሃኑ ሳይበተን የሚደርሰው። የዘይቱን ጠርሙስ ደግሞ ሰበራችሁብኝ።»

ደመላሽ ወደ መሬት ተመለከተ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን ወደ ጓዳ ገብተው፣ ለሐዋርያት ጾም ያስቀመጡትን የኑግ ዘይት በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው በስኒ አመጡ። «ይኸ አይሆንም ልጄ?»

«እንደ ራሱ ዘይት አይሆንም፣ እሜቴ፤ ከአየር ግን ይሻላል።»

ዘይቱን ጠብ አድርጎ ትልቁን መስተዋት እስኪነካው ዝቅ ሲያደርግ፣ ደመና መጥቶ ፀሐይቱን ሸፈናት። ልጅቱ ታቃስታለች፤ ትኩሳቱ ከበረደ በደሟ ውስጥ የሚፈለገው ነገር እንደማይገኝ ሀይለመለኮት ያውቃል።

«ፀሐይም ግብር ተቆርጦባት ይሆናል» አለ አንዱ ከኋላ።

ደመናው አለፈ። ሀይለመለኮት ዓይኑን ደግኖ ረጅም ጊዜ ቆየና ቀና ብሎ ስፍራውን ለግራዝማች ለቀቀ። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ውጠው አዩ።

«ብዙ ናቸው… እንደ ጋሻ ክብ፣ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ።»

«የደም ሕዋሳት ናቸው። የእርስዎም የእኔም ደም እንዲሁ ነው።»

«በመካከላቸው የተጠመዘዘ ፈትል አለ።»

«በሽታው እሱ ነው። ወባ አይደለም፣ ግርሻ የሚባል እየተመላለሰ የሚመጣ ትኩሳት ነው። መድኃኒቱን ይዣለሁ።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ግራዝማች በእጃቸው ከለከሏቸው። «ከወዴት መጣብን?»

እዚህ ላይ ዝም ያለ ሰው በሰላም በበላ! ሀይለመለኮት ግን የማያውቀው አገር እንደሆነ ረስቶ መለሰ። «ከቅማል ነው። ሰዎቹ ተደራርበው ስለሚተኙ… ልብሱ ሁሉ መቀቀል አለበት።»

የግራዝማች ፊት ጠቆረ። «ርስቴን አልለካህም፤ ቤቴን ግን ቅማላም አልኸው። መርፌህን ወግተህ ነፍስህን ይዘህ ውጣ።»

መርፌው ሲወጋ ወይዘሮዋ ዘነዘና ይዘው ከበር ቆመው ነበር፤ ማንም ደፍሮ አልገባም። ሀይለመለኮት ሲወጣ ግን ደመላሽ በደጅ የቀረውን ማይክሮስኮፕ በዱላ መታው፤ መስተዋቶቹ በጭቃው ላይ ተበተኑ። ግራዝማችም አይተው ፊታቸውን አዞሩ። እንግዳውም ባዶ በቅሎ እየነዳ ቁልቁለቱን ወረደ።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን ያን ቀን የጠላውን ጋን ሁሉ በጉልቻ ላይ ጥደው የአድመኞቹን ጋቢና እጀ ጠባብ አንድ ሳያስቀሩ ቀቀሉት። ሰዎቹ ቁርበት ለብሰው በአዳራሹ ተቀምጠው ይራገማሉ።

«ጦር ቢመጣ ራቁታችንን ልንዋጋ ነው?» አለ ደመላሽ።

«አንተን ራቁትህን ያየ ጦር ሳይተኩስ ይመለሳል!» አሉት ወይዘሮዋ።

የብርጓል ከመርፌው በኋላ አልጋው እስኪነቃነቅ ተንዘፈዘፈች፤ ግራዝማችም «መርዝ ወጋብን» ብለው በቅሎ ጭነው ሰውየውን ሊያሳድዱት ነበር፤ ከዚያ ላብ ወረዳትና ውሃ ጠየቀች። ትኩሳቱም ሁለተኛ አልተመለሰም።

መንግሥት በኋላ ጊዜ ከግብሩ አፈገፈገ፤ አመጹ ተጻፈ፣ ተነገረ፣ ተፎከረበት። በዚያ ተረተር የሚነገረው ግን ይህ ነው፤ አንድ ቀያሽ መነጽሩን ይዞ መጣ፤ ግራዝማች አንሙት ደጅ ላይ መነጽሩ ተሰበረ፤ ሰውየውም ተባረረ። የሚያዝያው ሰውና የሰኔው ሰው ከሩቅ ታይተው አንድ ሆኑ፤ ዘመን በጨመረ ቁጥር ያ አንዱ ሰው እየገዘፈ፣ እየከፋ፣ ሽጉጥ እየታጠቀ ሄደ።

የብርጓል ዛሬ የልጅ ልጆች አይታለች። በየሰርጉ ፉከራው በተነሣ ቁጥር ከጥጓ ሆና «ሁለት ሰዎች ነበሩ» ትላለች።

«ዝም በይ እቴ» ይሏታል የደመላሽ ልጆች፤ «አንቺ ያኔ ታመሽ ነበር፤ ምኑን አየሽ?»