የመምህር ኢተፋ ግስ

መምህር ኢተፋ አዳማ ካለው ጸሎት ቤታቸው ደረጃ ግርጌ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ነበር። ሚስታቸው ሽታዬ መርዶውን ስትሰማ ከእንባዋ በፊት አንድ ሐሳብ ቀደማት፦ «ነገ መድረክ ላይ ወጥቶ አያሳፍረኝም።» ወዲያው በራሷ አፈረች፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እሁድ ጠዋት ኢንስፔክተር ዱሬቲ መጣች። ብዙ የማትናገር፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት ናት። ፎቅ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች አይታ ዘበኛውን ጠራችው።

«ኤባ፣ እነዚህን አንተ ነህ ያስቀመጥካቸው?»

«ኧረ እኔስ ትናንት ጠርጌ ግድግዳው ጥግ ነው የደረደርኳቸው።»

ዱሬቲ ወደ ሽታዬ ወረደች። «እትዬ፣ መምህር ዛሬ ምን ሊናገሩ ነበር?»

ሽታዬ አንገቷን ደፋች። «‹አንዱ ይወሰዳል፣ አንዱም ይቀራል› የሚለውን ትንቢት ሲያስተምር፣ የሚቀረው የተጣለ ነው ይል ነበር። ልጃችን ሶረቲ ካሚልን ስታገባም ‹የቀረች› ብለን አባረርናት፤ ባቱ ነው ያለችው። ትናንት ምሳ ላይ ግን ‹ወንጌሉ የተጻፈበትን ግሪክ እንደገና አየሁት› አለኝ። ‹ይቀራል የተባለበት ግስ በአባታችን ሆይ ጸሎት ይቅር በለን የምንልበት ግስ ነው። እዚህም ይቅርታ ነው አልልም፤ የተጣለ ነው ያልኩት ግን ከራሴ ጨምሬ ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ ነገ በሕዝብ ፊት አጥፍቻለሁ እላለሁ› አለኝ።»

«እርስዎስ ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።» ውሸቷን ነበር። ፊቷ እንደ እሳት ጋለ።

የጸሎት ቤቱ መሪ ፓስተር ጫምሳ ተራው ሲደርስ «ሳምንቱን ሙሉ አላየኋቸውም» አለ።

«‹ይቀራል› የሚለው ግስ አሳስቧቸው ነበር አሉ። ግሪክ ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ግን ግሱ መተው ነው፤ ይቅር ማለት አይደለም!» አለ በቁጣ።

 ዱሬቲ ሽታዬን፣ ኤባንና ፓስተሩን አንድ ላይ ጠራቻቸው።

«ወንበሮቹ መምህር እንግዳ እንደነበራቸው ይናገራሉ» ስትል ጀመረች። «ፓስተር፣ እኔ ስጠይቅዎ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። መምህር እስከ ትናንት ምሳ ድረስ ይህን ትርጉም የነገሩት ለሚስታቸው ብቻ ነው። ግሪክ ካላወቁ፣ ከማን ሰሙት?»

ጫምሳ ወደ ሽታዬ ጠቆመ። «ከ… ከእትዬ ሽታዬ። ትናንት ደውላልኝ ነበር።»

ሁሉም ወደ ሽታዬ ዞሩ። «ደውዬለታለሁ» አለች መሬት መሬት እያየች። «‹በሰው ፊት ሊያዋርደን ነው፣ አስቁመው› አልኩት። ግሱን ግን አላነሳሁለትም። እኔ መች ስለ ቃሉ ተጨነቅሁ! የሰው ዓይን ነው ያስጨነቀኝ።»

«እንግዲያው የነገሩዎት ራሳቸው መምህር ናቸው» አለች ዱሬቲ። «ትናንት፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆነው።»

ጫምሳ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ስንቱን ‹የቀረ› ብዬ ከጉባኤው አስወጥቻለሁ! በምን ፊቴ እቆማለሁ? መድረክ ላይ ወጥተው እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። እምቢ ብለው ደረጃው ጋ ሲደርሱ… ገፋኋቸው።»

ጫምሳ ከተወሰደ በኋላ ዱሬቲ ለስለስ ባለ ድምፅ «ለልጅዎስ ተነግሯታል?» አለች።

ማንም አልነገራትም። ከተባረረች ወዲህ በዚያ ቤት ስሟን የሚያነሳ አልነበረም። ሽታዬ ደወለችላት። ስልኩ ወዲያው ተነሳ።

«ሀርሜ? እማዬ፣ አንቺ ነሽ?» ሶረቲ በደስታ ሳቀች። «አውቃለሁ፣ አባዬ ነው አይደል ደውዪላት ያለሽ? እስቲ ስጪኝ እሱን!»