ያልጠጣው ደንገል

የአስናቀ አስከሬን የተገኘው ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ነበር፤ ማጅራቱ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ይታያል። አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንዲት የደንገል ታንኳ አፍንጫዋን ጭቃው ላይ አሳርፋለች። ውስጧ ደም የነካው የቀርከሃ ዘንግ ተጋድሟል።

አስናቀ የሚያስተዳድረው ይህ የጣና ዳር ማረፊያ ከባሕር ዳር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሰው የሚመጣው ካያክ የሚሉትን የፕላስቲክ ጀልባ ሊቀዝፍ፣ ወፍ ሊያይ፣ በጫካው በእግሩ ሊንሸራሸር ነው። ያን ቀን ግን እንግዶቹ ከምግብ አዳራሹ መውጣት ፈሩ። እርስ በርስ መተያየትም ፈሩ።

ኢንስፔክተር አገርነሽ ስትደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። ታንኳ እየሠራ ለእንግዶች የሚያከራየው ሽማግሌው ገድሉ እጁ በካቴና ታስሮ ከዛፍ ሥር ተቀምጧል።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አለ ወጣቱ ፖሊስ። «የዓይን ምስክር አለ።»

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

አገርነሽ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውኃው ገባች። የሐይቅ ዳር ልጅ ናት፤ ሐይቁን ስለምታውቀው ትፈራዋለች። ታንኳዋን ጫፏን ይዛ ከፍ አደረገቻት፤ እጇን ወደ ውስጥ ሰዳ ወለሉን ጫን ጫን አደረገችው። ለማንም ምንም ሳትናገር ወጣች።

ምስክሩ ብሩክ ነው፤ የሟቹ የሥራ ሸሪክና የካያክ አሠልጣኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወፍ ማያው ጉብታ ላይ ነበርኩ። በአቅራቢ መነጽር አየኋቸው። አስናቀ ከፊት፣ ገድሉ ከኋላ ሆኖ በዘንግ እየገፋ።»

«ምን ያህል ቆዩ?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ። ፊት ለፊት ካለችው ደሴት ዳር ደርሰው ተመለሱ። ዳር ሲደርሱ ሽማግሌው ዘንጉን አነሳና... ጮህኩ፣ ማን ይሰማኛል? ሮጬ ስደርስ አልቆ ነበር።»

«ለምን ይገድለዋል?»

«ለካያክ መውረጃ ብለን ደንገሉን ልናስቆርጠው ነበር። ሐሙስ ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ደንገሉን ከነካችሁ አልለቃችሁም› ብሏል።»

አገርነሽ ወደ ዛፉ ሄዳ ሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አያ ገድሉ፣ ብለዋል?»

«ብያለሁ፣ ልጄ። እንጀራዬን ሲነኩብኝ ምን ልበል? ጧት ግን ከወዲያ ማዶ ደንገል ሳጭድ ነበርሁ።»

«ማን አየዎት?»

«ማን ያየኛል? ወፍ አየኝ። ያቺ ታንኳ ገና ትናንት ነው ያለቀችው። ውኃ አልነካችም፤ መሥሪያ ዳሴ ውስጥ ነበር ያቆምኋት። እኔን ማን ያምነኛል? እሱ በመነጽር አየሁ እያለ!»

በአዳራሹ በረንዳ ላይ ርሆቦት ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ የምትኖር መምህርት ናት፤ ለሁለት ቀን እረፍት መጥታ ነው።

«እባክሽ ልሂድ» አለች። «ገዳዩ አብሮን ቁርስ በልቶ ቢሆንስ?»

«ትሄጃለሽ። ትናንት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»

«ጧት ካያክ ቀዘፍን፤ ጭቃ በጭቃ ሆነን ተመለስን። ከሰዓት እስኪመሽ በሽማግሌው ሁለት የደንገል ታንኳዎች ነበርን። ከውኃ ሲወጡ እንዴት ከበዱ መሰለሽ! አራት ሆነን ነው እዛፉ ላይ ያቆምናቸው።»

ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ አምስት የካያክ መቅዘፊያዎች ተሰቅለዋል። አራቱ የትናንት ጭቃ ደርቆባቸዋል። አምስተኛው ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ‹ብሩክ› የሚል ተጽፎበታል።

የሟቹ ሚስት ሀኒ አልጋዋ ጫፍ ላይ ነበረች። ማልቀስ አልጀመረችም።

«ዛሬ ምን ሊያደርግ አስቦ ነበር?» አለች አገርነሽ።

«ይፋግ ከተማ ሊሄድ። አምና እዚህ ካያክ ላይ ማዕበል ገልብጧት ያለ ሕይወት አድን ጃኬት የሞተችው ልጅ፣ ጸሎት፣ እናቷ እዚያ ናት። የንስሐ አባቱ ‹ሂድና እውነቱን ንገራት› ብለውታል።»

«እውነቱ ምንድን ነው?»

«አልነገረኝም። ‹ተመልሼ እነግርሻለሁ፤ ከዚያ ብትጠይኝም እችለዋለሁ› አለኝ።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ፈራሁ። የገደለው ሰው አሁንም እዚህ ግቢ ውስጥ አለ አይደል?»

«አለ» አለች አገርነሽ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሐይቁ ዳር ተሰበሰቡ። ርሆቦት የማታውቃትን ሀኒን ክንዷን ይዛታለች። ገድሉ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል።

«ብሩክ፣ ያቺን ታንኳ አንሳልኝ» አለች አገርነሽ ዛፉ ላይ ከተደገፉት ከትናንቶቹ አንዷን እያመለከተች።

ብሩክ ታገለ። ከመሬት ፈቀቅ አላለችም።

«አሁን ይቺን።»

ዳር ላይ የተገኘችው ታንኳ በአንድ እጁ ተነሳችለት። ብሩክ ወዲያው ለቀቃት፤ እሳት የነካው ይመስል ነበር።

«ደንገል ውኃ ይጠጣል» አለች። «ሁለት ወንድ ተቀምጦባት አንድ ሰዓት የተንሳፈፈች ታንኳ ወለሏ ይርሳል፣ ትከብዳለች። የዚችን ወለል ስጫነው እንደ ገለባ ነው የተንኮሻኮሸው። ርጥብ የሆነው ጭቃው ላይ ያረፈው አፍንጫዋ ብቻ ነው። ማንም አልሄደባትም። እንግዲህ አየሁ ያልኸውን አላየህም።»

«ምናልባት... ርቀቱ...»

«ቆይ። ታንኳዋን እዚህ አምጥቶ ዘንጉን ደም የነካካ ሰው ጥፋቱን አያ ገድሉ ላይ ሊያደርግ ፈልጓል። ከሦስቱ ለምን አዲሲቱን መረጠ? ሁለቱን ብቻውን ማንሳት ስላልቻለ። ደረቅ መሆኗ እንደሚያጋልጠው አላሰበም፤ አያ ገድሉ ቢሆን ግን ይህ አይስተውም ነበር። ያ ሰው የለመደው የፕላስቲክ ካያክ ነው፤ ፕላስቲክ አንድ ዓመት ቢዋኝም ያው ነው።»

ሁሉም ወደ ብሩክ ዞሩ። ርሆቦት ሀኒን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«መቅዘፊያ ሁሉ ጭቃ ለብሶ ሳለ ያንተ ብቻ ለምን ታጠበ?»

«ዕቃን ማጠብ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ጠርዙ ግን ከቁስሉ ጋር ይመረመራል፤ ደም ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። አሁን ስለ ጸሎት ንገረን። ያለ ሕይወት አድን ጃኬት በማዕበል የላካት ማን ነው?»

ብሩክ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ፤ ተማሪዬ ነበረች» አለ ቀስ ብሎ። «‹ራሷ አውልቃ ጣለችው› ብለን እኔና አስናቀ መሰከርን። ዛሬ ጧት ‹አብረን ሄደን ለእናቷ እንንገራት› አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ መሄድ ጀመረ... የእናቷን ፊት ማየት ፈራሁ። ሌላ ምንም አይደለም፤ ፈራሁ።»

ሀኒ ያን ጊዜ ጮኸች። ጩኸቷ ዳገቱ ድረስ ተሰማ።

ፖሊሶቹ ብሩክን ወሰዱት። ወጣቱ ፖሊስ አንገቱን ደፍቶ የገድሉን ካቴና ፈታ። ሽማግሌው ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«አለቀ፣ አያ ገድሉ። ቤትዎ ይግቡ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ከርጥቦቹ አንዷን አምጥቶ ቢሆን ኖሮስ?»

«ብቻውን አያነሳትም ነበር።»

ገድሉ ሐይቁን ሳይሆን እሷን አየ።

«ሁለት ሆነው ቢያነሷትስ ኖሮ? እኔን ማን ያድነኝ ነበር?»

አገርነሽ ጫማዋን ለማጥለቅ ጎንበስ አለች። ማሰሪያውን ቋጥራ ከጨረሰችም በኋላ ቀና አላለችም።