የዓርብ አደራ

«ባትሪ ማለት ይሄ ነው!» አለ ሻጩ ደጀን፣ ጥቁሩን ሳጥን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «ስታስነሳው ጎረቤት ይሰማል።»

የሳጂዳ አጎት አብዱላሂ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ስለ መኪና የሚያውቀው መሳፈር ብቻ ነው። ሳጂዳ ግን ታውቃለች። ደጀን ደግሞ ሱቁ ከገቡ ጀምሮ አንዴም ዞር ብሎ አላያትም፤ ባትሪ የሚገባው ጢም ያለው ሰው ብቻ ይመስለዋል።

አባቷ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ የፒክአፑን ቁልፍ የሰጠው ለእሷ ነበር። «ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አስነሺው፤ ዝም ካለ ባትሪው ይሞታል። እስክመለስ አደራ።» ሁለት ዓመት አስነሳችው። እግሯ ፔዳሉ ላይ በጭንቅ ነው የሚደርሰው፤ መቀመጫውን ግን አባቷ ከተወበት ወደፊት አልሳበችውም። በፈተናው ወር አራት ዓርብ ረሳችና ባትሪው ሞተ። በዚያው ሳምንት አባቷ ደውሎ «ሽጡት» አለ። መቼ እንደሚመለስ አልተናገረም፤ እሷም ፈርታ አልጠየቀችም።

ነገ ጠዋት ገዢው ከሚኤሶ ይመጣል። በግፊ የሚነሳ ከሆነ እንደማይፈልገው አስቀድሞ ተናግሯል።

ሳጂዳ ጎንበስ ብላ ባትሪውን ዳሰሰች። «አዲስ» የሚለው ተለጣፊ ከዳሩ ተላጧል። ከሥሩ የተመረተበት ዓመት ይታያል፦ አምስት ዓመት አልፎታል። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ባትሪም እንደሚያረጅ አባቷ ነግሯታል።

ዝም ብትል አጎቷ ይገዛዋል። ነገ ገዢው ቁልፉን ያዞራል፤ ጭጭ። መኪናው ግቢያቸው ውስጥ ይቀራል። መቀመጫውም እንዳለ ይቀራል።

«አብዱላሂ፣ ልጅቷ መጫወቻ አገኘች!» ሳቀ ደጀን። «እሙዬ፣ አሲድ እንዳይነካሽ!»

ደሟ ፈላ። አባቷ በዚያ መኪና ኮፈን ሥር የውሸት ዕቃ አስገብቶ አያውቅም።

«አጎቴ፣ ተለጣፊውን ላጠው።»

«ምን አለው?»

«ዓመቱን አንብበው።»

አብዱላሂ አነበበ። ደጀን ሳቁን ዋጠ። «ያው... ትንሽ ቆይቷል እንጂ ማንም አልነካውም...»

«ወላሂ፣ ደጀን፣ እኔን ልትሸውድ!»

«ያንን ከላይ ያለውን ባትሪ ያውርዱልን» አለች ሳጂዳ። «መጀመሪያ ግን ኃይሉን ይለኩት።»

ደጀን ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደው። ለካና ቁጥሩን ያሳየው ለእሷ ነበር።

በባጃጅ ሲመለሱ ባትሪውን ጭኗ ላይ አቀፈችው። «ያ ሳጂዳ፣ ከበደሽ፣ አምጪ» አለ አጎቷ። አልሰጠችውም።

ቤት ደርሳ የባትሪውን ገመዶች ራሷ አሰረች። ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ሐሙስ ነበር፤ ነገ ዓርብ የሚያስነሳው ግን ገዢው ነው።

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አባ፣ ትሰማለህ?» ስልኩን ወደ ሞተሩ ዘረጋችው።

ከዚያ፣ «ሽጡት» ባለ ቀን ፈርታ ያልጠየቀችውን ልትጠይቀው፣ ወደ ጆሮዋ መለሰችው።