የበርሜሉ ውኃ

ሞተሩ ባሕር ላይ ደርቆ ቆመ፤ ዓብዲ ሞተ።

ፈጣኗ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ወጥታ ሙሉ ነዳጅ እንደተረገጠላት፣ ከስምንቱ ፒስተኖች አንዱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ማዕበል ውስጥ ቀበረች፤ የዓብዲ ደረት ከመሪው ጋር ተላተመ። እዚያው ጅቡቲ ቀበሩት። ወደ ድሬዳዋ የተመለሰው ሞተሩ ብቻ ነው፤ በሸራ ተጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና፣ ወደተገጠመበት የከዚራ ጋራዥ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ወሬ ዞረ፤ «ሞተሩን የለካችው ያቺ የተማረችው ልጅ ናት።»

ያቺ ልጅ ኑኃሚን ናት። ባለፈው ዓመት፣ የሜካኒካል ምህንድስና ዲግሪዋን ይዛ ሥራ አጥታ ሳለ፣ የአባቷን ፔጆ ልታሠራ ከዚራ ያለው የነጅሙዲን ጋራዥ ገባች።

«እህቴ፣ ጥላው ሥር ቁጭ በይ፤ አይቼ እነግርሻለሁ።»

«አይተህ የምትነግረኝን እኔ ልንገርህ። የውኃ ፓምፑ ነው።»

«አቦ! ታዲያ እኔን ምን ፈለግሽ?»

«መፍቻ የለኝም።»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን በማግስቱ ፔጆው ምንም ሳይሆን ተመልሳ መጣች። ከዚያ ወዲያ የጋራዡ ሰው ሆነች። እሱ ብሎን ሲያጠብቅ ክንዱን ታያለች፤ ቀና ሲል ዓይኗን ወደ መለኪያዋ ትመልሳለች። እሱም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቀና ይላል።

ዓብዲ የነጅሙዲን ታላቅ ወንድም ነው። ጅቡቲ ውስጥ ኩልሚዬ ለሚባል ሀብታም ጀልባ ይነዳ ነበር። «ወንድሜ የማይገጥመው ሞተር የለም» ብሎ ያንን ግዙፍ የአሜሪካ ሞተር ድሬ ድረስ ያስላከው እሱ ነው። ኩልሚዬ የፈለገው ጉልበቱ የሚያስፈራ፣ ግን ለጥገና ቶሎ ቶሎ የማይወርድ ሞተር ነበር።

«የጀልባ ሞተር እረፍት የለውም» አለች ኑኃሚን። «የደንገጎን ዳገት ሙሉ ነዳጅ ረግጠህ እየወጣህ፣ ዳገቱ አላልቅ ቢልህ ማለት ነው። ፒስተኑ ይግላል፣ ያብጣል። ሲሊንደሮቹን የያዘውን ብሎክ ግን ባሕሩ ያቀዘቅዘዋል፤ እሱ አያብጥም። ስለዚህ መካከላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት እንተውላቸው።»

«ከሰፋ ጠዋት ሲነሳ ይንኳኳል።»

«ይንኳኳ።»

«አንቺ ለሰው ጆሮ አታዝኚም እንዴ?»

«ሞተር ነው የምንገጥመው ወይስ ክራር?»

ከተላኩት ሁለት ልክ ፒስተኖች እሷ ቀጭኑን መረጠች፤ በእሷ ልክ ገጠሙት። ሲነሳ እንደተባለው ተንኳኳ። ከጎረቤት ጋራዥ ወዲያው ድምፅ መጣ፤ «ዋሪያ! ሞተርህን ሳል ይዞታል፣ ዝንጅብል አጠጣው!» ሰፈሩ አውካካ። ነጅሙዲን አብሮ ሳቀ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ።

በሳምንቱ ኑኃሚን ስትመጣ ሞተሩ ያለ አንዳች ኳኳታ ተነሳ።

«ምን አደረግከው?»

«ተሟሸ።»

ሞተር ሲሟሽ ክፍተቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ይህን ታውቃለች። ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ ነው። ሙስሊም ነው ብሎ ቢመልሰኝ ደግሜ እልካለሁ፤ ወላሂ።»

ጥያቄዋን ዋጠችው። እጇን ያዘ። ግሪሱ መዳፏ ላይ ቀረ፤ ቀኑን ሙሉ አልታጠበችውም።

ሞተሩን የፈተኑት በበርሜል ውኃ ነው። ድሬ ላይ ውኃ አይደፋም፤ ሞተሩን አቀዝቅዞ የወጣው ተመልሶ እዚያው በርሜል ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ውኃው እጅ የማያስገባ ሆነ። ብሎኩም ከፒስተኑ ጋር አብሮ ጋለ፣ አብሮ አበጠ። ሞተሩ ሳይደክም ዋለ። ነጅሙዲን በበርሜሉ ዙሪያ ጨፈረ፤ ኑኃሚንም የልቧን ጥርጣሬ አባረረች።

ባሕር ግን በርሜል አይደለም። አይግልም።

አሁን ሸራው ተገልጧል። ኑኃሚን የተጣበቀውን ፒስተን በመዶሻ አስለቅቃ ለካችው። ኩልሚዬ ከላካቸው ሁለት ልክ ፒስተኖች ወፍራሙ ነው። እሷ የመረጠችው ቀጭኑን ነበር።

«ቀይረኸዋል።»

ነጅሙዲን ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። «ሰው ሳቀብኝ።»

«ሰው ሳቀብህ!»

«በርሜሉ ላይ አብረን አየነው እኮ ኑሂ። ሠራ።»

«አየሁ። ኳኳታው ሲጠፋም ሰምቻለሁ። ድርሻዬን አልሸሽም። አንተስ? ለቅሶው ላይ ‹ልጅቷ ናት› ሲሉ የት ነበርክ?»

«እዚያው።»

«አፍህስ?»

እጁ ላይ የደረቀውን ግሪስ ፈቀፈቀ።

«እናቴ አንድ ልጅ ነው የቀራት» አለ። «ወንድሙን የገደለውም ይኸው ነው ብላት ምን ይቀራታል? ወቀሳውን አንቺ ትችይዋለሽ። አዲስ አበባ እንሂድና እንጋባ። ጊዜ ሁሉን ያስረሳል።»

ዓይኑን አየችው። ይወዳታል። በዚህ አልዋሸም፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

«ሚስትህ ሆኜ፣ እናትህ የልጄ ገዳይ እያለችኝ ልኑር?»

የቆርቆሮው በር ተንቋቋ። እናቱ አዴ ቱሪያ ገባች፤ ሻሿ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። ማንንም ሰላም ሳትል ሞተሩ ዘንድ ሄደች። ብረቱን እንደ ሕፃን ግንባር ዳሰሰችው።

«ይኸ ነው?»

ወደ ኑኃሚን ዞረች።

«አንቺ ነሽ የለካሽው?»

ኑኃሚን ነጅሙዲንን አየች። ጠበቀችው። እሱ ጥግ ላይ የቆመውን ባዶ በርሜል ያያል። ደግማ ጠበቀችው።

«አዎ አዴ፣ የለካሁት እኔ ነኝ» አለች። «ልኩ ሲቀየር ገብቶኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ማን እንደቀየረው ልጅሽ ይንገርሽ።»

አሮጊቷ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

«ነጅሙ?»

ኑኃሚን መለኪያዋን አንስታ በአጠገቡ አለፈች። ቀሚሷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«ኑሂ፣ አቦ፣ ብቻዬን አትተዪኝ።»

«ብቻህን አይደለህም» አለችው። «እናትህ አለች።»

ወጣች፤ የቆርቆሮውን በር ከኋላዋ ስባ ዘጋችው።