የራስጌው ገመድ

የሰር ራናልድ ግንባር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ከግድግዳ የወረደው የአያቶቹ የጦር መጥረቢያ እዚያው እንደተሰካ ነበር። ‹ሰር› የሚያሰኘውን የአርድቫኪን ባሮኔትነት ማዕረግ ከወረሰ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ዘመዶቹ ጠዋት አባቱን ቀብረው ሲመለሱ አዳራሹን በደም ታጥቦ አገኙት።

ኢንስፔክተር ኤልስፔት ግሪየር ጎንበስ አለች። ደሙ ረግቷል፤ የሞተው ከቀብሩ በፊት ነው። ያረጀው የመጥረቢያ እጀታም ተሰንጥቆ ስንጣሪው ወጥቷል።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ ታናሽ ወንድሙ ፈርገስ፣ የቀብር ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ። «ደም በደም ሆና ያገኘናት ሚስቱን ነው። ይዘዋት ይሂዱ!»

«ወድቆ ሳገኘው አቅፌው እኮ ነው!» ብላ ጮኸች ኢሽቤል። ካቴናው ለእሷ እንደታሰበ ገብቷታል።

ግሪየር ወደ አጎታቸው ልጅ ወደ ላክላን ዞረች። «ራናልድ ከቀብር ሲቀር ዝም አላችሁ?»

«ማታ እስኪወድቅ ጠጥቶ ነበር። ፈርገስ ‹ተኝቷል፣ ይደርሳል› አለን።»

«የሬሳ ሳጥኑ መቃብር ሲወርድ ገመዶቹን እነማን ያዙ?»

«እኛው፣ እንደ ወጉ። ራስጌውን ፈርገስ ያዘ። የእሱ ድርሻ የነበረውን የግርጌውን ገመድ አስቀባሪው ያዘለት።»

ግሪየር ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«የራስጌው ገመድ የወራሹ ነው። ወራሹ ከዘገየ አስቀባሪው ይይዝለታል። ላክላን፣ እርስዎ ቢሆኑ ይነኩት ነበር?»

«እጄ ይቆረጥ!»

«ፈርገስ ግን ‹ይደርሳል› እያለ የራሱን ገመድ ትቶ ራስጌ ቆመ። ራናልድ እንደማይመጣ የሚያውቀው ደግሞ የገደለው ብቻ ነው።»

«ሐዘንተኛ አይሳሳትም እንዴ?» አለ ፈርገስ።

«ይሳሳታል። እስቲ ጓንትህን አውልቅ።» እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። «ያ እጀታ የጨበጠውን መዳፍ ሳይቀድ አይቀርም።»

ፈርገስ አላወለቀም። እንደ አገሩ የክብር ልብስ ወግ ካልሲው ውስጥ የሻጠውን ጩቤ መዝዞ ኢሽቤል ላይ ዘለለ። ግሪየር በእሳት መቆስቆሻው ብረት የእጁን አንጓ ስትመታው አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ።

«ማዕረጉ የእኔ ነው!» እያለ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «ልጅ የለውም!»

ኢሽቤል በደም የጨቀየ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «አለው። ከቀብሩ መልስ ሊነግራችሁ ነበር። ወንድ ከሆነ ማዕረጉ የልጄ ነው።»

ፈርገስ እንደዚያ ተሰብሮም ስሌቱን አልተወም። «ሴት ከሆነችስ?»

«ያን ጊዜ» አለች ግሪየር፣ የተሰበረውን እጁን ከደህናው ጋር በካቴና እያቆራኘች፣ «የእስር ቤት ገንፎህን ‹ይብሉ፣ ሰር ፈርገስ› ብለው ያቀርቡልሃል።»